ቤት የእግዜር ነው፤ ሒሳቡስ?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ጎጃም ውስጥ ተራራ ለሚወጣ እግረኛ በትንሽ ገንዘብ የት ይታደራል? ጡረታ እስክወጣ ድረስ የግብርና ባለሙያ ሆኜ ከደብረ ማርቆስ ወደ ስናንና ወደ ቢቡኝ ወረዳዎች ስወጣ ስወርድ የኖርኩ ነኝና፣ ከሆቴል ይልቅ የገበሬውን መደብ አውቃለሁ። መልሴም ወደዚያው ያደላል።

ጥያቄ፦ አምስት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ነን። እሑድ እሑድ እንጦጦና መናገሻ ስንወጣ ቆይተን አሁን የጎጃሙን የጮቄ ተራራ ለማየት ተነሣሥተናል። ሦስት ሌሊት ለማደር አስበናል። አምና ሰሜን ተራሮች ሄደን ሳንካበርና ግጭ ካምፕ ላይ አድረናል፤ ጮቄ ላይ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን የሚነግረን ሰው ግን አጣን። ለሎጅ የሚሆን ገንዘብ የለንም። አንድ ጓደኛችን «ጎጃም እንግዳ አይገፋም፤ የመሸበት ነኝ ብላችሁ የገበሬ ቤት ግቡ፣ ነፃ ነው» ይለናል። እርስዎ ምን ይላሉ?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከጓደኛችሁ ልጀምር። እውነቱን ነው፣ ጎጃም እንግዳ አይገፋም። ማታ ደጅ ቆሞ «ቤቶች! የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ» ላለ ሰው «ቤት የእግዜር ነው፣ ይግቡ» ሳይል የሚቀር አባወራ ጥቂት ነው። እግሩን ያጥቡታል፣ መደቡን ይለቁለታል፣ ለልጆቹ የተቀመጠውን ያቀርቡለታል። ይህ ሥርዓት የተሠራው ግን ለመሸበት ሰው ነው፤ መንገድ ላይ ለታመመ፣ ወንዝ ለሞላበት፣ ከገበያ ሲመለስ ለጨለመበት። ከሦስት ሳምንት በፊት የዓመት ፈቃድ ሞልቶ፣ ባለ ስምንት ኪስ ጃኬት ለብሶ የመጣ ሰው አልመሸበትም፤ አስቦበት ነው ያመሸው። ገበሬው ይህን ልዩነት ያውቃል፤ ይሉኝታ ይዞት አይናገርም እንጂ።

አምስት እንግዳ ለአንድ የጮቄ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ልንገራችሁ። እዚያ ከፍታ ላይ ጤፍ አይበቅልም፤ ያለው ገብስና ድንች፣ አጃ መሰሉ እንግዶም ነው። ጤፍ ከታች ተገዝቶ ይወጣል። እማወራዋ ግን እንግዳ ፊት የገብስ እንጀራ ብቻ ማቅረብ ያሳፍራታልና ለበዓል ያኖረቻትን ጤፍ ታወጣለች፤ ጾም ካልሆነም እንቁላል የምትጥለው ዶሮ ትታረዳለች። ማገዶው ብዙውን ጊዜ ኩበት ነው፤ ኩበት ደግሞ ፍግ ሆኖ ወደ ድንቹ መሬት መግባት የነበረበት ነው። የግብርና ሰው ስለሆንኩ ይህቺ ነገር ታንገበግበኛለች። ለእናንተ ነፃ የሆነች እራት ከዚያ ቤት ጎታና ከዚያ ቤት ማሳ የተቆረጠች ናት።

ስለዚህ የገበሬ ቤት እደሩ፤ ከዚያ የተሻለ ማደሪያም አላውቅላችሁም። ግን ከፍላችሁ፣ አስቀድማችሁ ተነጋግራችሁ እደሩ። አነጋገሩ ላይ ጥንቃቄ አለው። ባለቤቱን ራሱን «ስንት ነው?» ብትሉት «ምን ገዶ! የፈቀዳችሁትን» ይላችኋል፣ ከዚያ በኋላ እናንተም እሱም ጭንቅ ውስጥ ናችሁ። ዋጋው በሦስተኛ ሰው በኩል፣ በቀን፣ ከመግባታችሁ በፊት ይለቅ። ሦስተኛው ሰው መንገድ የሚመራችሁ የአካባቢው ልጅ ሊሆን ይችላል፤ የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም የቀበሌው ሰው የሚጠቁማችሁም ይሆናል። ለመኝታ ይህን ያህል፣ ለእራትና ለቁርስ ይህን ያህል ተብሎ ይለይ። ከዚያ ጠዋት ስትወጡ ገንዘቡን ለእማወራዋ በእጇ ስጡ። ሊጥ ያቦካችውም፣ ውኃ የቀዳችውም፣ ሌሊት ተነሥታ እሳት የቆሰቆሰችውም እሷ ናት። ቡና፣ ስኳርና ሻማ ይዛችሁ ብትሄዱ ደግ ነው፤ ቡና እዚያ አይበቅልም። ግን ይህ ስጦታ በክፍያው ላይ የሚጨመር እንጂ ክፍያውን የሚተካ አይደለም። ለልጆቹ ከረሜላ መበተኑን ተዉት፤ የሚቀጥለው እንግዳ ከተማ ጫፍ ጀምሮ በ«ስጠኝ» ይከበባል።

ዋጋ እዚህ የማልጽፈው ሆን ብዬ ነው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የሁሉም ነገር ዋጋ እየተንቀሳቀሰ ነው፤ መጽሔቱ እጃችሁ እስኪገባ ያረጃል። መለኪያ ካስፈለጋችሁ ደብረ ማርቆስ ለአንድ መካከለኛ አልጋ የከፈላችሁትን ያዙና የገበሬውን ቤት ከዚያ አታሳንሱት።

አሁን ወደ መንገዱ። የመጀመሪያዋን ሌሊት ደብረ ማርቆስ እደሩ። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን መውጣቱ ብቻ ያደክማል። ከተማዋ እንደ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ሰውነታችሁ አይከፋም። ጣጣው ከዚያ በላይ ነው። የጮቄ አናት ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ከማርቆስ ተነሥቶ በአንድ ቀን እዚያ ደርሶ እዚያው ለማደር መሞከር ራስ ምታትና ማስመለስ ይጋብዛል፤ እንቅልፍም የለም። ሁለተኛዋን ሌሊት ከማርቆስ ወደ ጮቄ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው የስናን ከተማ ሮብ ገበያ፣ ሦስተኛዋን ከሮብ ገበያ በላይ ካሉት መንደሮች በአንዱ እደሩ፤ አናቱን በቀን ረግጣችሁ ለማታ ዝቅ በሉ። ራስ ምታቱ ካልለቀቀ ወይም አንዱ መንገዳገድ ከጀመረ ደግሞ ሌሊቱን አትጠብቁ፤ ወደ ታች ውረዱ። መድኃኒቱ መውረድ ነው።

ማርቆስ ላይ አልጋ ስትይዙ ክፍሉን ሳታዩ አትክፈሉ። ፍራሹን ገልብጣችሁ ስፌቱን እዩ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ትኋን አለ፣ ሌላ ቤት ሂዱ። ከታች ግሮሰሪ ያለበትን ፎቅ ሽሹ። አንድ ጊዜ ስሙን የማልጠራው አልጋ ቤት ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት የድምፅ ማጉያው አልጋዬን ሲነቀንቀው አድሯል፤ ጠዋት ባለቤቱ «ሞቅ ያለ ቤት ነው» ብሎ መረቀልኝ። ሮብ ገበያ ላይ ያለው አልጋ ቀላል ነው፦ ክፍል፣ ቆርቆሮ፣ ብርድ ልብስ፣ በጀሪካን ውኃ። ረቡዕ ገበያ ስለሚውል መኪና በቀላሉ ታገኛላችሁ፣ አልጋውን ግን ነጋዴ ይቀድማችኋል።

የገበሬ ቤት ከሆነ ከ10 ሰዓት በፊት ግቡ። 12 ሰዓት ከብቶቹ ይገባሉ፣ ጥጃ ይታሰራል፣ ይታለባል፤ በዚያ ሰዓት እንግዳ መቀበል ቤቱን ያተራምሰዋል። በጎች እዚያው ጣራ ሥር ስለሚያድሩ ቁንጫ አለ፤ ይኼንን የሚደብቃችሁ ሰው ጮቄ አላደረም። የራሳችሁን አንሶላ ወይም ስሊፒንግ ባግ ይዛችሁ አጎዛው ላይ አንጥፉ። ስትመለሱ ልብሳችሁን በፈላ ውኃ እጠቡ፤ ተስቦና ግርሻን የሚያስተላልፈው ቅማል ነውና ቸል አትበሉ። የመጠጥ ውኃ አፍልታችሁ ወይም ውሃ አጋር የሚባለውን የውኃ ማከሚያ ጨምራችሁ ጠጡ። ምንጩ ከእናንተ በላይ ስለሆነ ንጹሕ ይመስላችኋል፤ ከምንጩ በላይ ደግሞ ከብት አለ።

ሰሜን ተራሮች ያያችሁት ዓይነት የካምፕ ሰንሰለት ጮቄ ላይ አትጠብቁ። እዚያ ፓርክ አለ፣ መግቢያ አለ፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት ይመደባል፣ ካምፖቹም በየእርከኑ ናቸው። ጮቄ የሰው ማሳ ነው፤ ከ3,500 ሜትር በላይ እንኳ ገብስ ሲታጨድ ታያላችሁ፣ ከዚያ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክልና የጓሳ ሣር ይቀበላችኋል። ድንኳን ከተከላችሁ የምትተክሉት የአንድ ሰው ግጦሽ ወይም ማሳ ላይ ነው፤ ባለቤቱን ጠይቁ፣ እሱም ይከፈለው። በነገራችን ላይ ሎጅ አንፈልግም ብላችሁ ሳታዩ አትለፉ። የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደር በፈረንጆቹ 2022 በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል፤ «ሙሉ ኢኮ ሎጅ» የሚባለው ሎጅም ያለው እዚያው ነው። ደውሉ፣ ጠይቁ፤ ለአንዲት ሌሊት ኪሳችሁ የሚችለው ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የመንገዱ ሰላም አለ። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ ያለው ሁኔታ በየሳምንቱ የሚለዋወጥ ሆኗል። በምትሄዱበት ሳምንት እዚያው ማርቆስና እዚያው ሮብ ገበያ ላለ ሰው ደውሉ፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚያውቅ አይበቃም። «ትንሽ ቆዩ» ካላችሁ ቆዩ። ሳይጠረጥር የሚያስገባችሁ ቤት ችግር ላይ እንዳይወድቅም አስቡ፤ ማን ቤት እንደምታድሩ ቀበሌው ቀድሞ ቢያውቅ ለእናንተም ለባለቤቱም ይሻላል።

ጥያቄ፦ እኔና ታናሽ እህቴ ብቻችንን ነው የምንጓዘው። የገበሬ ቤት ማደር ለሴት ልጅ ይሆናል ወይስ ከከተማ አልጋ ቤት ባንወጣ ይሻላል? ደግሞ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ከሰው ይልቅ ውሻ ነው የምፈራው።
(ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ልጄ፣ እኔ ሴት ልጄን ከአልጋ ቤት ይልቅ አሮጊት ያሉበት የገበሬ ቤት ብትገባ ይቀለኛል። አልጋ ቤት በርሽን የሚያንኳኳውን ሰው ማንም አያውቀውም። ገጠር ውስጥ ማን ቤት እንዳደርሽ መንደሩ በሙሉ ያውቃል፣ ማወቁም ጥበቃ ነው። መሪያችሁን «እማማ ያሉበት ቤት ፈልግልን» በሉት። ማታ እናትየዋ ከሴት ልጆቻቸው ጋር ወደ ጓዳ ቢወስዷችሁ ደስ ብሏችሁ ሂዱ፤ ለእንግዳ ክብር ተብሎ መደቡ ላይ ከወንዶቹ አጠገብ ከመተኛት እሱ ይሻላል፣ ብትጠይቁም ነውር የለውም። ለሽንት ሳይጨልም ውጡ፤ ሌሊት ከሆነ ከቤቱ ልጅ አንዷን ቀስቅሱ፣ ባትሪ ያዙ። ነጠላ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለቤተ ክርስቲያንም ለብርድም ያገለግላል። አረቄ ሲቀርብ «አልጠጣም» ማለት ይበቃል። እንቢታው ካልበቃ ከንፈር አስነክቶ ማስቀመጥ ነው።

ውሻውን መፍራትሽ ልክ ነው። የጮቄ ውሻ በግ ጠባቂ ነው፣ እንግዳ አይለይም። ወደ አጥር አትጠጉ። ከሩቅ ቆማችሁ «ቤቶች! ውሻ ያዙ!» ብላችሁ ጮክ ብላችሁ ተጣሩ፤ ሰው ወጥቶ እስኪያስርላችሁ ቁሙ። ዱላ ያዙ፣ አትሩጡ። ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም፤ «ትንሽ ጭረት ናት» የሚባል ነገር የለም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ከድጓ ጽዮን ብዙም ሳይርቅ ነው። ልጆቼ ከተማ ገብተው አንድ ጎጆ ባዶዋን ቀርታለች። እግረኛ ሲያልፍ አያለሁ፤ አንዳንዱም ገብቶ ያድራል፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎም ይሄዳል። ቤቴን ለማደሪያ ባከራይ ሰው ምን ይለኛል? ምንስ ማዘጋጀት አለብኝ? ልጄ ጎጆዋን አፍርሰን በብሎኬትና በቆርቆሮ እንሥራት ይላል።
(ከቢቡኝ)

መልስ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ ሰው የሚልዎትን እንጨርስ። የእግዜር እንግዳ በር እንደማይዘጉ አውቃለሁ፤ ማንም ዝጉ አላለዎትም። በትልቁ ቤት እንደ ድሮው ያድርጉ፤ የመሸበት ሲመጣ እዚያ ያሳድሩት፣ በነፃ። ጎጆዋ ግን ሥራ ናት፤ ለእሷ ዋጋ ይቁረጡላትና በካርቶን ጽፈው በሯ ላይ ይስቀሉ። የተጻፈ ዋጋ ከእርስዎም ከእንግዳውም ይሉኝታውን ያነሣል። የሚያሳፍረው ሌላ ነው፦ ከእራት በኋላ፣ ሰው እጁን ታጥቦ ከተቀመጠ በኋላ ሒሳብ መጥራት። ከመግባቱ በፊት የተነገረ ዋጋ ማንንም አያሳፍርም።

ልጅዎን ከምንም በፊት ከብሎኬቱ ያስቁሙት። ገንዘብ አባክኖ የባሰ ቤት ያገኛል። ሣር ክዳንና የጭቃ ግድግዳ ሙቀት ይይዛል፤ ቆርቆሮ ሌሊት ውርጩን ወደ ውስጥ ያወርዳል፣ ጠዋት ከሥሩ ጠል ያንጠባጥባል፣ ዝናብ ሲመጣ ሰው አያስተኛም። የከተማ ሰው ብሎኬት ሊያይ ጮቄ አይወጣም። ጎጆዋን ይመርጉ፣ ክዳኗን ያድሱ፣ ወለሉን አስተካክለው ይለቅልቁ። በግና ዶሮ ከእንግዲህ እዚያ አይግባ፤ የቁንጫው ጉዳይ ግማሹ በዚህ ያልቃል። መደቡን ሰፋ ያድርጉና የሣር ፍራሽ ያንጥፉበት፤ ሣሩ በየጊዜው ይቀየር፣ ጆንያው ይፈላ፣ ፀሐይ ላይ ይዋል። ለአንድ ሰው ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ይያዙ። ከደብረ ማርቆስ እስከ ተራራው አናት 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ አለ፤ በየሺህ ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳልና ማርቆስ ላይ «ቀዝቀዝ ይላል» የሚለው ሰው እናንተ ዘንድ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይማ እርስዎ ያውቁታል፣ ውኃው በሸክላው ውስጥ ይጋገራል።

ሽንት ቤት ይቆፍሩ። ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚያመጣልዎት ይኼ ነው፣ አይሳቁ። ከምንጩና ከወራጁ ውኃ ርቆ፣ ዝቅ ካለው በኩል፤ መክደኛ ይኑረው፣ በሩ ከውስጥ ይቀርቀር፣ ደጁ ላይ ጀሪካንና ሳሙና ይቀመጥ። እንግዳ ስለ እንጀራዎ ለአንድ ሰው ያወራ እንደሆነ ስለ ሽንት ቤትዎ ለአምስት ሰው ነው የሚያወራው።

ምግቡን አያስጨንቁት። የከተማ ሰው የሚናፍቀው እርስዎ የሚያፍሩበትን ነው፦ የገብስ ቂጣ፣ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ፣ ትኩስ ወተት፣ ቆሎ፣ አሬራ። ለጾም ቀን ሽሮ በቂ ነው። ዶሮ ካዘዘ ዶሮውን ለብቻ ያስከፍሉ። ጠላ ካለ ይቅረብ፤ ሰክሮ የሚያስቸግር ካለ ግን ጎረቤት መጥራት አይፈሩ፣ ቤቱ የእርስዎ ነው።

ብቻዎን አይጀምሩት። በወሎ በኩል መቄት ላይ የየመንደሩ ሰው ተሰባስቦ ለእግረኛ ማረፊያ ጎጆዎች ሠርቶ፣ እንግዳ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀን ጉዞ እየተቀባበለ ሲያሳድር ኖሯል። መንዝም ጓሳን ሲጠብቅ የኖረው ማኅበረሰብ የራሱን ሎጅ ከፍቷል። እናንተም ሦስት አራት ቤት ሆናችሁ ተራ ብትገቡ፣ አንዱ ሲሞላ ወደ ሌላው ብትልኩ፣ ዋጋውም አንድ ቢሆን እርስ በርስ መጎተት አይኖርም። በቅሎ ያለው ጓዝ ይጭናል፣ መንገድ የሚያውቀው ልጅ ይመራል። ቀበሌው ያውቀው፤ እንግዳ ሲያድር ስሙንና ስልኩን በደብተር ይጻፉ። በዚህ ዘመን ያቺ ደብተር ለእርስዎ መከላከያ ናት።

ጥያቄ፦ ጮቄን ሳይሆን የዓባይን ምንጭ ግሽ ዓባይን ነው በእግር ልሄድ ያሰብኩት፣ ከቲሊሊ ተነሥቼ። ምንጩ ያለበት ሰከላ ማደሪያ አለ? ቤተ ክርስቲያን ግቢ ማደርስ ይቻላል?
(ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ይቻላል፤ ለጠበል የመጣ ሰው ያድራል። አንተም ለጠበሉ ከሆነ የምትሄደው ካህናቱን አነጋግርና ከምእመኑ ጋር እደር፤ ለሽርሽር ብቻ ከሆነ ግን የጸበልተኛውን ቦታ አትያዝበት፣ ከተማው ውስጥ አልጋ ፈልግ። ምንጩ ጋ የሚደረሰው እህል ሳይቀመስ ነውና ቁርስህን አቆይ። ጥር 13 የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ሰሞን ሰው ስለሚበዛ አልጋ አገኛለሁ ብለህ አትመን። ቲሊሊ ብታድር ግን ቀላል ነው፣ ዋናው መንገድ ላይ ነች።

ጥያቄ፦ አልጋ ቤት ሲበርደኝ ከሰል በማንደጃ አስገብተውልኝ ያውቃሉ። ተራራ ላይ ስወጣ ይህንኑ ብጠይቅ ምን ይለኛል?
(ከደጀን)

መልስ፦ አትጠይቅ፣ ሳትጠይቅ ቢያስገቡልህም አስወጣው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አያስልም፣ ተኝተህ ሳለህ ይገድላል። ከሰሉ ጭስ የለውም ማለት አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ለብርዱ ከመተኛትህ በፊት የፈላ ውኃ በሃይላንድ ሳይሆን ክዳኑ በደንብ በሚጠብቅ የብረት ኮዳ ሙላ፣ በካልሲ ጠቅልለህ እግርህ ሥር አስገባ። ደረቅ ካልሲ ለመኝታ ብቻ ለይተህ ያዝ፣ ቀን የተራመድክበትን ይዘህ አትተኛ። ራስህን በኮፍያ ወይም በነጠላ ጠቅልል። ሁለት ብርድ ልብስ ከሰጡህ አንዱን ከሥርህ አንጥፈው፤ መደቡ ከላይ ካለው አየር ይልቅ ሙቀትህን ይወስድብሃል።